የክልል የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 341/1995 መሠረት በክልል ደረጃ የሚቋቋም፣ ነጋዴዎችንና ዘርፍ ማኅበራትን፣ ማለትም በአንድ የሥራ መስክ የተሰማሩ ሰዎች የሚመሠርቷቸውን ማኅበራት፣ የሚወክል ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም ነው። ብዙዎች ከንግድ ቢሮ ጋር ቢያምታቱትም፣ ምክር ቤቱ ንግድ ፈቃድ አይሰጥም፤ ግብርም አይሰበስብም። ዋነኛ ሥራው ግብር የበዛበት ባለሱቅም ሆነ የመሥሪያ ቦታ ያጣ አምራች ለየብቻው ቢያቀርበው ሰሚ የማያገኘውን ቅሬታ አሰባስቦ ለክልሉ መስተዳድር ማቅረብ ሲሆን፣ ባዛርና ሥልጠና ከማዘጋጀቱም ሌላ ተከራካሪዎች ሲስማሙ የንግድ አለመግባባት በግልግል፣ ይኸውም ከፍርድ ቤት ውጭ በተመረጡ ዳኞች፣ እንዲፈታ ያደርጋል። አቅሙ ግን በአባላት መዋጮ ላይ ስለሚመሠረት ከክልል ክልል እጅግ ይለያያል።