«ማጋዚን» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

መርካቶ ውስጥ «መጋዘን» ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው ሰው የለም። ሸቀጥ የሚራገፍበት፣ ወዛደሩ ጆንያ ተሸክሞ የሚገባና የሚወጣበት፣ ባለቤቱም ቁልፉን ከኪሱ የማይለየው ቤት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የዘወትር ቃላችን እንግሊዞች «ማጋዚን» ከሚሉት ቃል ጋር የአንድ እናት ልጅ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ተማሪ ነው። ቀን እንግሊዝኛ ይማራል፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ እኛ ዘንድ ይቀራል። «ኡስታዝ፣ ማጋዚን ማለት መጽሔት ነው ተብለን ተማርን። መዝገበ ቃላቱ ግን የጥይት ማስቀመጫም ነው ይላል። ወረቀትንና ጥይትን ምን አገናኛቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የሚያገናኛቸው ዐረብኛ ነው። «ኸዘነ» ማለት አከማቸ፣ አኖረ ማለት ነው። የሚከማችበት ቦታ «መኽዘን»፣ ብዙ ሲሆን «መኻዚን»፣ ጠባቂው ደግሞ «ኻዚን» ይባላል። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያንና የደቡብ ፈረንሳይ ነጋዴዎች ወደ ግብጽና ወደ ሰሜን አፍሪካ ወደቦች እየተመላለሱ ይነግዱ ነበር፤ ከሸቀጡ ጋር ሸቀጡ የሚያድርበትን ቤት ስምም ይዘው ተመለሱ። በ13ኛው ምዕተ ዓመት ማርሴይ ላይ በላቲን በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ቃሉ ይገኛል። ጣሊያኖች «ኸ» የሚለው ድምፅ ስለሌላቸው በ«ገ» ተክተው «ማጋዚኖ» አሉት። ፈረንሳዮች «ማጋዛን» አሉት፤ ዛሬ በእነሱ ዘንድ ሱቅ ማለት ነው። እስፓኞች ደግሞ ዐረብኛውን ከነ «አል» ወስደው «አልማሴን» ይላሉ። በሞሮኮ ቃሉ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ ግብር የሚከማችበት ቤት ስም ለራሱ ለመንግሥቱ ተሰጥቶ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የሥልጣኑ ማዕከል «መኽዘን» ይባላል።

እንግሊዞች ቃሉን የተቀበሉት በ16ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን ትርጉሙ መጋዘን ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ በተለይ የባሩድና የጦር መሣሪያ ማከማቻን ማመልከት ጀመረ፤ ከዚያም በጠመንጃው ላይ ጥይት የሚጠራቀምበት ክፍል ይህንኑ ስም ወረሰ። ወደ ወረቀት የተሻገረው ደግሞ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ የለንደን አሳታሚ በየሳምንቱ ከሚወጡት በርካታ ጋዜጦች የተመረጡትን ጽሑፎች አሰባስቦ በየወሩ ማሳተም ጀመረ። የዕውቀት መጋዘን ለማለት ፈልጎ «የጨዋ ሰዎች ማጋዚን» አለው። ሥራው ስለተወደደለት ሌሎችም ስሙን ወሰዱ፣ ቃሉም ለመሰል ኅትመቶች ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ወደ እኛስ በየት በኩል ገባ? «መጋዘን» የሚለው አማርኛ መንገዱን ራሱ ይናገራል። ከየመን ነጋዴዎች አፍ በቀጥታ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ «መኽዘን» ወይም «መክዘን» በሆነ ነበር። በመካከሉ ያለው «ጋ» የጣሊያን ምልክት ነው። በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ እንደመጣ ሁሉ ማለት ነው። በሌላ በኩል የገንዘብ ማስቀመጫውን የብረት ሣጥን «ካዝና» እንለዋለን፤ ይህም ከዚያው ከ«ኸዘነ» ቤተሰብ ነው። የሚገርመው ደግሞ የክላሽን ጥይት ማቀፊያም «ካዝና» ማለታችን ነው። እንግሊዝን ሳንጠይቅ እዚያው ደረስን!

መጽሔት የሚለው ግን የእነዚህ ዘመድ አይደለም፤ ግዕዝ ሲሆን መስተዋት ማለት ነው። ዐረቦችም ቢሆኑ የገዛ ቃላቸው ዓለምን ዞሮ ሲመለስላቸው አልተቀበሉትም፤ መጽሔትን «መጀላ» ይሉታል። እኔ በበኩሌ ከመጋዘኑ መስተዋቱን እመርጣለሁ፤ መጋዘን የገባውን ሁሉ ይይዛልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንድ ወላጆች «እንግሊዝኛው ይበቃዋል» በማለት ልጃቸውን ከመድረሳ ያስቀራሉ። ልጁ ግን ያንኑ እንግሊዝኛ ሲማር ኖሮ ሥሩን ሳያውቀው ይቀራል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው እያንዳንዱን የፈረንጅ ቃል ዐረብኛ ነው ይላሉ። ይህም ዕውቀት አይደለም። ታሪፍ «ተዕሪፍ» ከሚለው ዐረብኛ መምጣቱ የታወቀ ነው። «ቼክ» ግን «ሰክ» ከሚለው ዐረብኛ መጣ ሲባል በየጊዜው ብንሰማም፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በአብዛኛው ከቼዝ ጨዋታና «ሻህ» ከሚለው የፋርስ ቃል ነው የሚያመጡት። የቃል ጉዞ ከወደብ ወደብ በማስረጃ እንጂ በፍቅር አይረጋገጥም።

ይህ ሥርወ ቃል ለቁርኣን አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሱረቱ ዩሱፍ 55ኛው አንቀጽ ላይ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ንጉሡን በምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾማቸው ሲጠይቁ ቃሉ «ኸዛኢን» ነው። በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህሉ ከነዛላው ተከማችቶ በረሃቡ ሰባት ዓመት ለሕዝብ ተሰጠ፤ የገዛ ወንድሞቻቸው ሳይቀሩ ከነዓንን ያህል አገር አቋርጠው ከዚያ ሸመቱ። በቡኻሪ ሐዲስ ደግሞ የታዘዘውን በሙሉ ልብ የሚሰጥ ታማኝ «ኻዚን» ከሰደቃው አጅር ተካፋይ ነው፤ ገንዘቡ የእርሱ ሳይሆን ማለት ነው። ዋጋ እስኪንር ጠብቆ በሰው ረሃብ ለማትረፍ ሲባል እህልን መቆለፍን ግን ዐረብኛ በ«ኸዘነ» አይጠራውም። የእርሱ ስም «ኢሕቲካር» ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከኃጢአት ቆጥረውታል።