ተወጋሁ ወይስ ተሰካብኝ?

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሰሌዳ አለ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። በአረንጓዴ ቀለም «የመርፌ ውጊያ ሕክምና ይሰጣል» ይላል። ታክሲያችን ሰው ለመጫን እዚያው ፊት ለፊት ሲቆም፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጮክ ብሎ አነበበና «ማን አሸነፈ?» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ንድድ አለኝ።

ሰሌዳው ሊል የፈለገው አኩፓንቸር ነው። ጸሐፊው እንዴት እንደተሳሳተ አይጠፋኝም። በአማርኛ መርፌ ይወጋል፤ ሰው ከጤና ጣቢያ ሲመለስ «ተወግቼ መጣሁ» ይላል። ከ«ወጋ» ስም ላውጣ ብሎ እጁን ሲሰድ የገባለት «ውጊያ» ሆነ። ሰዋስው አላፈረሰም፤ የተበደለው ጆሮ ነው። ውጊያ ጦር ሜዳ ነው፣ ምሽግ ነው፣ ቁስለኛ ነው። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን አንብቦ አልጋ ላይ በሆዱ ሊተኛ? እንደ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ባሉ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው ከተሞቻችን ደግሞ ኦሮምኛውም አያድንም፤ «ወራኑ» መውጋት ነው፣ «ወራና» ደግሞ ጦር። ሁለቱም ቋንቋዎች ስለቱንና ጦርነቱን ከአንድ ግንድ ነው ያበቀሏቸው።

ሱሉልታ ሌላ ቃል ይጠብቀናል። ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ትራክ ያሠራባት፣ ጠዋት ጠዋት ሯጮች ሜዳዋን የሚሞሏት ከተማ ናት። የተቋጠረ ጡንቻ ለማላላት መርፌ የሚጠቀሙ የፊዚዮቴራፒ ሰዎች ሙያቸውን በእንግሊዝኛ የሚጠሩበትን ስም አንድ ሰው ቃል በቃል ገልብጦ «ደረቅ መርፌ» አለው፤ እዚያ አካባቢ ሲባል ሰምቻለሁ። ደረቅ ሲባል በአማርኛ ግትር ሰው ይታወሳል፤ ካልሆነም ደረቅ ቼክ። እግሩን ለማራቶን የሚያዘጋጅ ልጅ «ደረቅ መርፌ ላድርግልህ» ሲባል ስንቅ የሌለው መርፌ ሊመስለው ይችላል። የሚያስቀው፣ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው፤ መርፌው ውስጥ ምንም የለም። ግን እንዲህ አይባልም።

ታዲያ አኩፓንቸርን እንዳለ ለምን አንተወውም? ስልክን ተውነው፣ ራዲዮን ተውነው። ይህን ክርክር አልንቀውም። ግን ቃሉን አሁን ባለበት ሁኔታ ማን በትክክል ይጽፈዋል? በአንድ ሳምንት ውስጥ «አኩፓንቸር»፣ «አኩፓንክቸር»፣ «አኩፐንክቸር» ተብሎ አይቼዋለሁ። ሲፈተሽ ደግሞ ያን ያህል የሚከበር ምሥጢር የለውም። ቪለም ተን ራይነ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ጃፓን ናጋሳኪ ወደብ ሠርቶ፣ ያየውን በ1683 እ.ኤ.አ. ለንደን ባሳተመው መጽሐፉ ሲተርክ ከላቲን ያቀናጀው ነው፤ አኩስ መርፌ፣ ፑንክቱራ መብሳት። እሱም እንደ ቡራዩው ሰሌዳ ጸሐፊ ያየውን በሚያውቀው ቋንቋ ለመሰየም የታገለ ሰው ነበር። ሲታገል ግን ግማሹን ጣለ። ቻይኖቹ «ዠንጂዩ» ነው የሚሉት፤ ዠን መርፌ፣ ጂዩ ደግሞ በሚጤስ ቅጠል ቆዳን ማሞቅ። መርፌና እሳት ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ሁለቱን አንድ ላይ ነው የመዘገበው። ላቲኑ እሳቱን ናጋሳኪ ጥሎት መጣ።

የቃሉ ጉዳይ የአዋቂ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ስለ አንዲት የሰፈራችን እናት ልንገረው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የደም ግፊት ኪኒንም ይወስዳሉ። ልጃቸው አኩፓንቸር ወደሚሰጡ ቻይናውያን ሐኪሞች ሊወስዳቸው ቀጠሮ ይዞላቸው፣ ማታ ቡና ላይ «ልጄ፣ መርፌው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አሉኝ።

«ምንም የለውም፣ እማማ። ባዶ ነው።»

«ባዶ መርፌ ደግሞ ለምን ይወጉኛል? ወይስ እንደ ፔኒሲሊኑ ነው? እኔማ መርፌ ከጀመርኩ ብዬ ኪኒኑን ዛሬ አልወሰድኩም።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ መርፌ ዕቃው ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱም ነው። «መርፌ ታዘዘልኝ» ሲባል ብረቱ አይደለም የታዘዘው። ስለዚህ ጨዋ የሚመስለው «የመርፌ ሕክምና» እንኳ ያሳስታል፤ የለመድነውን መርፌ ነው የሚያስታውሰን። የግፊት ኪኒንን ደግሞ ማንም በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። እማማ በዚያው ማታ ኪኒናቸውን እንዲወስዱ አደረግን።

ሕክምናው ራሱ ለአንባቢዬ እንግዳ አይደለምና ባጭሩ ልለፈው። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ አቃቂ ቃሊቲ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች ይህን ሕክምና ሲሰጡ ቆይተዋል። ለሰበታ ሰው አዲስ አበባን አቋርጦ መሄድን ይጠይቃል። አዲስ ታካሚ መጀመሪያ ይጠየቃል፦ ሕመሙ የት ነው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል ወይ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ ደረቱ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ተገጥሞለታል ወይ። መርፌው ከታሸገ ወረቀት አዲስ ይወጣል፣ ከዚያ ይጣላል፤ ሲወጣ ካላዩ መጠየቅ ነውር አይደለም። ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ጡንቻ ላይ የምንወጋው የተለመደው መርፌ ሦስት እጥፍ ይሆነዋል። ሲገባ የጉንዳን ንክሻ ያህል ነው፣ ከዚያ የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ይመጣል። ጉልበት ያመመው ሰው እጁም ላይ ሊደረግበት ይችላል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተኝቶ ይቆያል፤ አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፣ ይመላለሳል። ትንሽ መበለዝ ያጋጥማል። በባዶ ሆድ የሄደ ሊያዞረው ይችላልና በጾም ወቅት ቀጠሮን ምግብ ከተቀመሰ በኋላ ማድረግ ይሻላል። ደረት አካባቢ ያልሠለጠነ እጅ ከገባ ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ ለዚህ ነው ፈቃድ ያለው ሰው መፈለግ ያለብን። ለቆየ ሕመምና ለማቅለሽለሽ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ የማስመሰያ መርፌም ብዙም ያልተናነሰ ውጤት አሳየ የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለሐኪሞች ልተወው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። እማማ ከሦስተኛው ቀጠሯቸው በኋላ እንዴት እንደነበር ስጠይቃቸው አንድም ጊዜ «ወጉኝ» አላሉም። «እዚህ እዚህ ላይ ሰኩብኝና ትተውኝ ሄዱ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉ። ሰኩብኝ! ስፈልገው የከረምኩት ግስ ከእሳቸው አፍ ወጣ። የተወጋ መርፌ ገብቶ ይወጣል፤ የተሰካ ግን ገብቶ ይቆያል። ልብስ ሰፊ መርፌውን ደረቱ ላይ ይሰካል። መሰኪያ ግድግዳው ላይ ነው። «ስኬት» እንኳ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ተሳካ ማለት አንዱ በሌላው ውስጥ ልክ ገባ ማለት ነው። ሌሎች ግሶችን መዝኛለሁ። «መርፌ ተከላ» ጥሩ ነበር፣ ግን ተከላ ችግኝና የኔትወርክ ምሰሶ ነው፤ የተተከለ ይጸድቃል እንጂ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አይነቀልም። «ጥቅጠቃ» ያሉም ነበሩ፤ እሱ ወደ ንቅሳት ይሄዳል፣ ቀለም ያስቀራል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ «መርፌ ስክ» ነው፤ ሲቀጠል «የመርፌ ስክ ሕክምና»። ቅርጹን ከራሴ አልፈጠርኩትም። ቀባ ብለን «ቅብ» እንላለን፣ ሰጣ ብለን «ስጥ» እንላለን። «ቀለም ቅብ» ካለን፣ «ወርቅ ቅብ» ካለን፣ «መርፌ ስክ» ምን ያንሰዋል? «ስክ ሲባል እስክስታ ይመስላል» ያለኝ ወዳጅ አለ። ይምሰል። ከውጊያ እስክስታ ይሻላል። «ቀዶ ጥገና»ም መጀመሪያ ሲባል ሳያስቅ አልቀረም፤ መቅደድና መጠገንን አጣምሮ እንደ ሸማ ሥራ ነበር የሚሰማው። ዛሬ ማንም ሳይስቅ ይፈርምበታል።

እግረ መንገዴን፣ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ብርጭቆ ጀርባ ላይ ሲገለብጡ «ካፒንግ» ለሚሉት ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። አማርኛ «ዋግምት» አለው፣ «አገመ» የሚል ግስም አለው። አባቶቻችን በቀንድ ያደርጉት ነበር። የሚጤሰውን ቅጠል «ሞክሳ» ይሉታል፤ ተክሉ የአሪቲ የቅርብ ዘመድ ነው። ወጌሻ ከ«ወጋ» መጣ የሚል ካለም አይቸኩል፤ ለእኔ ጆሮ ወደ ኦሮምኛው «ኦጌሳ»፣ ወደ ባለሙያው ይቀርባል።

ሰበታንም ከመርፌ ጋር የሚያገናኛት ነገር ስላለ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም፤ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። በ17ኛው መቶ ዘመን ጃፓን ውስጥ ሱጊያማ ዋኢቺ የሚባል ዓይነ ስውር የመርፌ ሐኪም ነበር። መርፌውን በቀጭን ቱቦ ውስጥ አድርጎ፣ ጫፉን በጣት መታ አድርጎ የማስገባቱ ዘዴ የእሱ ነው ይባላል። እዚያ አገር ይህ ሙያ ከዓይነ ስውራን ጋር የተሳሰረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጣት ነጥብ ያገኛል፤ ብሬል የሚያነብ ልጅ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የትምህርት ቤቱን ስም ደግሞ ልብ በሉ። ዛሬ ሕፃኑን «ዕውር» ብሎ የሚጠራ የሚያፍርበት ዘመን ነው፤ «ዓይነ ስውር» ተለምዷል። ስሙ ከነቃሉ ቆሟል፣ የሰው አፍ ግን ተቀይሯል።

ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩን ባለቤት አነጋገርኳቸው። ትሑት ሰው ናቸው። «ሠዓሊው ነው እንዲህ ያለው፤ ርካሽ ከሆነ ይቀየር» አሉ። ሠዓሊው ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው የሚሠራው። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። አየው፣ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ ስክ በየትኛው ነው? በንጉሡ ነው በእሳቱ?»

«በእሳቱ።»

«ውጊያ ሦስት ፊደል ነው፣ ይሄ ሁለት። መሐል ላይ ክፍት ይቀራል። ምን ላድርግበት?»

እንደመሰለህ አልኩት። ትናንት ሳልፍ ሠርቶታል። ክፍቱ ቦታ ላይ መርፌ ሥሎበታል፤ ቀዳዳ ያለው፣ ቀይ ክር የገባበት የልብስ መርፌ። ልመለስና ልነግረው አሰብኩ። መርፌ ግን ከግዕዙ «መርፍእ» ነው የመጣው፤ «ረፍአ» ደግሞ ሰፋ ማለት ነው። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።