ብጽሐተ መድኃኒት፦ ከውፍረት ቀዶ ሕክምና በፊት ሊታወቅ የሚገባው ቃል

ብጽሐተ መድኃኒት ማለት ሰው ከወሰደው መድኃኒት መካከል ሳይባክንና ጠባዩ ሳይለወጥ ወደ ደም ዝውውር የደረሰው ድርሻ፣ ከዚሁም ጋር የደረሰበት ፍጥነት ነው። የባሕር ማዶ ሊቃውንት ይህን ነገር ባዮአቬይላቢሊቲ ይሉታል፤ ስሙን ቃል በቃል መልሰን «ሕይወታዊ ተገኝነት» ብንለው ግን ሰሚው ምን እንደ ተገኘና የት እንደ ተገኘ ሊረዳው ስለማይችል፣ በጽሐ፣ ማለትም ደረሰ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣውን ብጽሐት የሚለውን ስም ወስደን ብጽሐተ መድኃኒት ብንል፣ የነገሩ ዋና ምሥጢር በስሙ ውስጥ ተገልጾ ይገኛል። በዕለት ተዕለት ንግግር «የደረሰ ድርሻ» ማለትም ይበቃል።

በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ብጽሐቱ ምሉዕ ነው። በአፍ የተዋጠው ኪኒን ግን አስቀድሞ በጨጓራ ውስጥ መሟሟት፣ ቀጥሎም የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ማለፍ፣ ከዚያ በኋላ በአንጀቱ ግድግዳና በጉበት ውስጥ መድኃኒትን ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች መትረፍ ስላለበት፣ በመንገድ የሚቀረው ጥቂት አይደለም። ከድባቴ መድኃኒቶች መካከል ሲታሎፕራም ከመቶ 80 ያህሉ ሲደርስ፣ በሀገራችን ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀው አሚትሪፕቲሊን ግን የሚደርሰው ግማሹ ገደማ ነው። የኪኒኑ መጠን የሚወሰነው ይህ ጉድለት አስቀድሞ ታስቦ ነው፤ ሆኖም ስሌቱ የተሠራው በተፈጥሮው ላለ ጨጓራና አንጀት እንጂ በቀዶ ሕክምና ለተለወጠው አይደለም።

ይህ ቃል ለድሬዳዋ ሰው ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከደጃፉ አይርቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሀገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 8ቱ ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ በከተሞች ደግሞ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ እንዲሁ ነበረች። የከተማዪቱ ሰፈር በሆነው በመጋላም ቢሆን ቀኑን ሙሉ በሱቅ ተቀምጦ የሚነግደው፣ ስኳርና የደም ግፊት የያዘው፣ ጉልበቱ አልሸከም ያለው ሰው፣ ከዐረብ ሀገር ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመዱ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና አሳንሶ እንደ ቀለለ ሲያይ፣ እርሱም ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ህንድ ወይም ወደ ቱርክ ለመሄድ ያስባል። ይኸው ሰው በድሬዳዋው በድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በአዲስ አበባው በአማኑኤል ሆስፒታል የታዘዘለትን የድባቴ ኪኒን ከጎረቤት ሰውሮ የሚውጥ ሊሆን ይችላል፤ ከጎረቤት የሰወረውንም በልማድ ከቀዶ ሐኪሙ ይሰውረዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የውፍረት ቀዶ ሕክምና በሊቃውንቱ ዘንድ ባርያትሪክ ሰርጀሪ ይባላል፤ ስሙ ክብደትና ሐኪም ከሚሉት ሁለት የጽርእ ቃላት የተገጣጠመ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ዓይነቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ የሚሉት፣ እኛም «ጨጓራን እጅጌ ማድረግ» ልንለው የምንችለው ሲሆን፣ ሐኪሙ የጨጓራውን ከመቶ 75 እስከ 80 ያህሉን በቁመቱ ቆርጦ አውጥቶ ጠባብ ቱቦ ያስቀራል፤ አንጀቱን ግን አይነካውም። ሁለተኛው ባይፓስ፣ ማለትም «ጨጓራን ማለፍ» ነው፤ ይህን ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካኦ ኢቶ በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት የአንጀት አገጣጠም በስዊሱ ቀዶ ሐኪም በሴዛር ሩ ስም ይጠራል። ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከቀጭኑ አንጀት መካከለኛ ክፍል ጋር ስለምትሰፋ፣ ምግቡም ኪኒኑም የቀረውን ጨጓራና ዱዮዲነም የተባለውን የአንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

ድሬዳዋ ራሷ ከእንዲህ ያለ ማለፍ የተወለደች ከተማ ናት፤ የጅቡቲው ባቡር የሐረርን ዳገት ትቶ በቆላው ሲያልፍ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሥፍራ አዲስ ሐረር ተብሎ ሲቆረቆር፣ የቀድሞዪቱ ሐረር ግን ባቡሩ ሳይደርስላት ዕቃዋን በጋማ ከብት ለማስወጣት ተገደደች። በባይፓስም ጊዜ መድኃኒቱ በሆድ ውስጥ መጓዙ ባይቀርም፣ ቀድሞ ይራገፍበት የነበረውን ጣቢያ ስለሚያልፈው፣ ወደ ደም የሚደርሰው ሊያንስ ይችላል።

ሊያንስ ይችላል ማለታችን በግምት አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ባይፓስ የተደረገላቸው 5 ሰዎችና ያልተደረገላቸው 5 አምሳያዎቻቸው ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት በእኩል መጠን ወስደው ደማቸው ሲመረመር፣ በመጀመሪያዎቹ ደም ውስጥ የተገኘው ከሁለተኛዎቹ ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ 12 ሕሙማንን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ተከታትሎ፣ በ8ቱ ደም ውስጥ የመድኃኒቱ ብጽሐት ከአንድ ወር በኋላ በአማካይ ወደ ቀድሞው ግማሽ ገደማ መውረዱን፣ ከእነዚህም በ6ቱ እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ወደ ነበረበት መመለሱን ገልጧል። የተጠኑት ሰዎች ጥቂቶች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ ሆኖም ከሁለቱ ጥናቶች የምንማረው ነገር ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት የጥንቃቄ ወራት ናቸው፣ የአንዱም ሰው አንጀት እንደ ሌላው አይደለም።

እንግዲህ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሁሉ ባይፓስን ትቶ ስሊቭን ይምረጥ ማለት ነውን? አይደለም። ስሊቭ አንጀቱን ስለማይነካ የብጽሐቱ ለውጥ ያንሳል ተብሎ ቢጠበቅም፣ የጨጓራው አሲድና ምግብ የሚያሳልፍበት ፍጥነት ስለሚለወጥ ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። ጽኑ ቃር ያለበትን ሰው ስሊቭ ሊያብስበት ሲችል ባይፓስ ያስታግስለታል፤ በስኳር በሽታም ላይ የባይፓስ ኃይል ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በአንጻሩ ለመገጣጠሚያ ሕመም ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ሳይወስድ መኖር ለማይችል ሰው፣ ማስታገሻዎቹ ከባይፓስ በኋላ በስፌቱ ላይ ቁስል ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ባይፓስ ያሰጋል። ምርጫው ስለዚህ በሕመሙ ሁሉ ተመዝኖ የሚደረግ ሲሆን፣ የድባቴው መድኃኒት ከሚዛኑ ላይ እንዳይጠፋ እንጂ ሚዛኑን ብቻውን እንዲደፋ አይፈለግም፤ አንጀቱ አንዴ ከተለወጠ መመለሱ አስቸጋሪ ሲሆን፣ የኪኒኑን ዓይነትና መጠን ግን ማስተካከል ይቻላልና።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ቀዶ ሕክምናው ቀረበ ብሎ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ነው፤ ድባቴው ተመልሶ በሚጸናበት ሰዓት ሰውየው የአመጋገብ ሥርዓቱን ለመጠበቅ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሙ አስቀድመው ይነጋገሩ። ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የተሠራ ኪኒን በተለወጠ አንጀት ውስጥ ሳይለቀቅ ሊያልፍ ስለሚችል በሌላ ዓይነት መለወጥ ያስፈልገው እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ እንዲህ ያለውን ኪኒን ሳይጠይቁ መፍጨት ግን አደጋ አለው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውኃ ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ እስከ መመረዝ ሊከማች ስለሚችል፣ ደሙ ደጋግሞ ይመርመር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያጋጥም የቢ12ና የቢ1 ቫይታሚን እጥረትም ድባቴን ሊመስል ስለሚችል፣ ምርመራውና የቫይታሚኑ መተኪያ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው።

ለመጋላ ሰው የሚነገር ሌላም ነገር አለ። ጫት አምፒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ብጽሐት እንደሚቀንስ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ የየመን ጥናት ታይቷል፤ ጫት ስሜትን የሚቀሰቅስና የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ ቅጠል በመሆኑም፣ የሚቅም ሰው ይህን ለሁለቱም ሐኪሞች ሳያፍር ይንገር። የረመዳንም ሆነ የሁዳዴ ጾም ሲመጣ፣ ውኃ የሚጠጣበትና ኪኒን የሚዋጥበት ሰዓት ከሐኪም ጋር ይወሰን። ከባሕር ማዶ የሚመለስ ሰው የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ስሊቭ ይሁን ባይፓስ በግልጽ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ያለዚያ እዚህ የሚቀበለው ሐኪም የኪኒኑን መጠን የሚያስተካክልበት መሠረት አይኖረውም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት በአንዳንዶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንደሚበረታ በውጭ ሀገር ጥናቶች ታውቋልና፣ ክብደቱ ሲቀንስ «ዳነ» ብሎ ዝም ማለት ሳይሆን፣ እንቅልፉን፣ ጨዋታውንና ተስፋውን መከታተል፣ ከተለወጠም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

የዚህ ቃል ጥቅሙ እንግዲህ ሕሙሙ በሐኪሙ ፊት አንድ ጥያቄ በግልጽ እንዲጠይቅ ማስቻሉ ነው፤ «የድባቴ ኪኒን እወስዳለሁ፤ በዚህ ቀዶ ሕክምና ብጽሐቱ ምን ይሆናል? መጠኑንስ ማን፣ መቼ መርምሮ ያስተካክልልኛል?» ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ ሳይሰጥ የሚያዝ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ፣ ጊዜው ገና አልደረሰም።