400 ይበልጣል ወይስ 5? «ማይክሮ» ከየት መጣ?

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። አንዱ 400 ማይክሮግራም፣ ሌላው 5 ሚሊግራም የሚሉ ሁለት የፎሊክ አሲድ እሽጎች ቢሰጧችሁ የትኛው መድኃኒት ይበዛል? «ባለ 400ው» ካላችሁ ተሳስታችኋል። ባለ 5 ሚሊግራሙ ከ12 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ምክንያቱ ያለው «ማይክሮ» በሚለው ቃል ታሪክ ውስጥ ነው።

ቃሉ የመጣው ከግሪክኛው «ሚክሮስ» ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ» ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ግን አይናገርም ነበር። በ1625 (እ.ኤ.አ.) ሮም ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ዮሐንስ ፋበር ጋሊሊዮ ለሠራው መሣሪያ «ማይክሮስኮፕ» የሚል ስም ሰጠው፤ ትንንሽ ነገሮችን ማያ ማለቱ ነው። በ1878 ደግሞ ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሻርል ሴዲዮ «ትንሽ» እና «ሕይወት» የሚሉ የግሪክ ቃላትን አጣምሮ «ማይክሮብ» አለ። እኛ ጀርም የምንላቸው ናቸው።

ቃሉ ቁርጥ ያለ ቁጥር ያገኘው በ1873 ነው። የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ኮሚቴ በመለኪያ ላይ «ማይክሮ» ማለት አንድ ሚሊዮንኛ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ በ1960 ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት አጸደቀው። ከላቲን የመጣው «ሚሊ» ደግሞ አንድ ሺኛ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊግራም 1000 ማይክሮግራም፣ 5 ሚሊግራም ደግሞ 5000 ማይክሮግራም ይሆናል።

የማይክሮ ምልክት «ሙ» የተባለው የግሪክ ፊደል ነው። በእጅ ሲጻፍ ከላቲኑ «ኤም» ጋር ይምታታል። አንዱ በሌላው ቢነበብ ስህተቱ 1000 እጥፍ ነው! ለዚህም ነው ማይክሮግራምን «ኤምሲጂ» ብሎ መጻፍ የሚመከረው፤ ሚሊግራም «ኤምጂ» ነው። መሐል ያለችውን «ሲ» ሳታዩ አትለፉ።

ትንሽ ማለት ደግሞ ደካማ ማለት አይደለም። ለታይሮይድ ሆርሞን እጥረት የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ ሲበዛ ልብ ትር ትር ይላል፣ ሲያንስ ድካሙ ይመለሳል። ለማርገዝ ላሰበች ሴት በተለምዶ የሚመከረው ፎሊክ አሲድም በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። 5 ሚሊግራም በሐኪም የታዘዘላችሁ ግን ሳትጠይቁ አታቋርጡ፤ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

መድኃኒት ስትቀበሉ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን መለኪያም አንብቡ። ከማዘዣው ጋር ካልገጠመ ከመዋጣችሁ ወይም ለልጃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።