ከመቆፈር በፊት ማየት፦ የአርኬዎሎጂ መነሻ ለታሪክ መምህራን

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የታሪክ መጽሐፉን ሲከፍት በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከሚያገኛቸው ነገሮች አብዛኞቹ በጽሑፍ የተላለፉ አይደሉም። ድንቅነሽ ማን እንደ ነበረች የሚነግር ዜና መዋዕል የለም፤ በአዋሽ ዳር ድንጋይ እየጠረቡ የኖሩት ሰዎችም አንድ ፊደል እንኳ አልተዉልንም። ስለ እነዚህ ሁሉ የምናውቀው በአርኬዎሎጂና ከእርሱ ጋር በተያያዙ ሳይንሶች አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ውጤቱን እንጂ መንገዱን እምብዛም አያሳይም። ተማሪው «ሦስት ሚሊዮን ዓመት» የሚለውን ቁጥር ይሸመድዳል፤ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር እንደመሆናችን መጠን ከሠልጣኞችም ሆነ በሥራ ላይ ካሉ መምህራን ደጋግሞ የሚደርሰን ሌላም ጥያቄ አለ። ተማሪዎች ከእርሻ ማሳ፣ ከወንዝ ዳር ወይም ለቤት መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ያገኙትን ገል፣ ዶቃና አሮጌ ሳንቲም ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ምን እናድርገው? የታሪክ ክበብ አቋቁመን ራሳችን ብንቆፍርስ? ይሉናል። ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው ከአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። ይኸውም፣ በአርኬዎሎጂ ዘንድ አንድ ዕቃ ምስክርነቱን የሚሰጠው ከተገኘበት ቦታ ጋር ሲሆን ብቻ ነው የሚለው ነው። ቀጥሎ የምናቀርበው የዚህን ሐሳብ ትርጉምና በክፍል ውስጥ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርኬዎሎጂ ምንድን ነው?

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የጥንት ነገር ጥናት» ማለት ነው። ሰው ሠርቶ፣ ተጠቅሞና ጥሎ ያለፈውን ቁሳዊ ምልክት፣ ማለትም መሣሪያውን፣ ሕንፃውን፣ መቃብሩን፣ የምድጃውን አመድና የበላውን ከብት አጥንት ሳይቀር እየመረመረ ያለፈውን ኑሮ የሚያስረዳ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው እንደሚገምተው የወርቅ ፍለጋ አይደለም። እንዲያውም ለባለሙያው አንድ የተሰበረ የእንስራ አንገት ከወርቅ ጉትቻ የበለጠ ሊናገርለት ይችላል። ወርቅ ከእናት ወደ ልጅ ሲወራረስ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ እንስራ ግን ከተሰበረ እዚያው በዘመኑ ይጣላል። የሸክላ አሠራር፣ ቅርጽና ጌጥም ከዘመን ወደ ዘመን ስለሚለዋወጥ፣ ገል የአርኬዎሎጂ ባለሙያ የዘወትር መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአፈር ንብርብር

ጀማሪ በመጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው የአፈርን ንብርብር ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በገጠር ቤት ጓሮ ያለውን የአመድና የጥራጊ ክምር እንመልከት። ዛሬ የተደፋው አመድ ከላይ ነው፤ የአምናው ጥራጊ ከሥሩ ነው፤ ባልና ሚስቱ ጎጆ በወጡበት ዓመት የጣሉት ደግሞ ከሁሉም በታች ይገኛል። ክምሩ በአንድ ወገን ቢቆረጥ እንደ እንጀራ መሶብ ተደራርቦ ይታያል። በዚህ መሠረት የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሕግ የሚሠራው ክምሩ ካልተነካ ብቻ ነው። ባለቤቱ እህል ለማኖር ጉድጓድ ቢቆፍር የዛሬ ዕቃ ከጥንቱ አፈር መካከል ይገባል። ፍልፈል ይምሳል፤ የዛፍ ሥር ይሰነጥቃል፤ ጎርፍ የላዩን አጥቦ ወደ ሸለቆ ይወስዳል። ስለዚህ «ይህ ዕቃ በአንድ ሜትር ጥልቀት ተገኘ» ማለት ብቻ አይበቃም። በአንድ ሜትር ጥልቀት፣ ጎን ለጎን የተገኙ ሁለት ዕቃዎች አንደኛው በጉድጓዱ ሙሌት ውስጥ፣ ሁለተኛው ባልተነካው ንብርብር ውስጥ ከሆነ በመካከላቸው የሺህ ዓመት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ልዩነቱን የሚገልጸው የሜትሩ ቁጥር ሳይሆን የአፈሩ ቀለም፣ ልስላሴና ጥንካሬ ነው። ለዚህም ነው ባለሙያው በዶማ ከመቆፈር ይልቅ ግንበኛ ጭቃ የሚለስንበትን በመሰለ ትንሽ ብረትና በብሩሽ እየፋቀ ንብርብሩን አንድ በአንድ የሚያነሣው።

ንብርብርን በዓይን ለማየት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአዋሽ ወንዝ አፈሩን ቆርጦ ስለሄደ፣ ወንዙ ያመጣው አሸዋና ጠጠር፣ እሳተ ገሞራም የተፋው አመድ ተደራርቦ ይታያል። ቦታው በ1963 ከታወቀ በኋላ ከ1965 ጀምሮ በዣን ሻቫዮን የተመራ የፈረንሳይ ቡድን ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ከታችኞቹ ንብርብሮች የተገኙት ቀላል ጥርብ ድንጋዮች ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይጠጋሉ፤ ወደ ላይ ሲወጣ የእጅ መጥረቢያዎች፣ ከዚያም ይበልጥ የተራቀቁ መሣሪያዎች ይከተላሉ። ቦታው ከባልጩት ጋር በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚህ ድንጋዮች ሁሉ ተለቅመው በአንድ ጆንያ ቢከተቱ ኖሮ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?

ዕቃው ሲሠራና ዕቃው ሲቀበር

ሁለተኛው ቁም ነገር ዕቃው የተሠራበት ዘመንና መሬት የገባበት ዘመን የተለያዩ መሆናቸው ነው። ለዚህም አያቶቻችን ከሚያውቁት ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። በዚህ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780፣ ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴው የለመደውን መልክ እንዳይለወጥበት በመፈለጉ፣ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲታተም ኖሯል። ኢጣሊያ እንኳ በ1935 ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም አሳትማዋለች። እንግዲህ አንድ ተማሪ በፈረሰ ቤት ወለል ሥር ጠገራ ብር ቢያገኝ «ቤቱ በ1780 ተሠራ» ሊል አይችልም። በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው ብሩ ከ1780 በፊት እንዳልተቀበረ ብቻ ነው። አብሮት የኩባያ ስባሪ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ከተገኘ ደግሞ ዘመኑ ወደዚህ ይቀርባል። ሕጉ አጭር ነው፦ አብረው የተቀበሩ ነገሮች የተቀበሩበትን ዘመን የሚወስነው ከመካከላቸው የቅርቡ እንጂ የጥንቱ አይደለም።

ይህ ሕግ በእውነተኛ ቁፋሮ ላይ እንዴት እንደሚሠራ የመጠራ ግኝት ያሳየናል። መጠራ ዛሬ በኤርትራ፣ በሰንዓፌ አጠገብ የሚገኝ የአክሱም ዘመን ከተማ ነው። በፍራንሲስ አንፍሬ መሪነት ከ1959 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ ከአንድ የነሐስ ማሰሮ ውስጥ የወርቅ ጌጣጌጥ ተገኘ። ከእነርሱም መካከል 14 የሮማ ወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በ2ኛውና በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ቄሣሮችን መልክ የያዙ ናቸው። ሳንቲሞቹ ብቻ ተለይተው በገበያ ቢታዩ ኖሮ «በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከሮም ጋር ይነግድ የነበረ ሰው ገንዘብ» ተብለው ይታለፉ ነበር። ነገር ግን በዚያው ማሰሮ ውስጥ ሁለት የወርቅ መስቀሎች ነበሩ። ክርስትና የአክሱም ነገሥታት ሃይማኖት የሆነው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ጊዜ ነው። ማሰሮው የተገኘበት ንብርብርም ከሳንቲሞቹ ዘመን ብዙ የዘገየ ነው። በመሆኑም ሳንቲሞቹ የገበያ ገንዘብ መሆናቸው ካበቃ በኋላ፣ እንደ ጌጥ ተጠብቀው ለብዙ ትውልድ ከቆዩ በኋላ የተቀበሩ መሆናቸው ታወቀ። ይህን ታሪክ የነገሩን ሳንቲሞቹ ብቻቸውን ሳይሆኑ ማሰሮው፣ መስቀሎቹና አፈሩ አንድ ላይ ሆነው ነው።

ዓመቱ በቁጥር እንዴት ይታወቃል?

ንብርብር ቅደም ተከተሉን እንጂ የዓመቱን ቁጥር አይነግርም። ቁጥሩን ለማግኘት የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን ባልደረቦቻችን እገዛ ያስፈልጋል። በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚምታቱት ሁለት ዘዴዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በዊላርድ ሊቢ መሪነት በ1940ዎቹ መጨረሻ የተገኘው የካርቦን 14 ዘዴ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአየርና ከምግብ ካርቦን 14 ይወስዳል፤ ሲሞት መውሰዱን ያቆማል። ከዚያ በኋላ በውስጡ የነበረው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ሲለካ ከሰል፣ አጥንት ወይም የእህል ፍሬ ከሞተ ስንት ዘመን እንደሆነው ይታወቃል። ሆኖም 50,000 ዓመት ካለፈው የሚለካ ነገር አይቀርም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የድንቅነሽ ዕድሜ በካርቦን 14 ታወቀ የሚል ተማሪ ቢኖር ሊታረም ይገባዋል። በኅዳር ወር 1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። ይህ የታወቀው አጥንቷን በመለካት ሳይሆን በአካባቢው ያሉትን የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች በመለካት ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 በጣም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ የነበረው አርጎን ስለሚተን፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የተጠራቀመው ልክ እንደ ሰዓት ያገለግላል። እዚህም ላይ ወሳኙ ነገር ቦታው መሆኑን እናስተውል። የድንቅነሽ አጥንቶች ዝናብ ባጠበው ተዳፋት ላይ ስለተገኙ፣ ተመራማሪዎቹ የተዳፋቱን አፈር በወንፊት ከማጣራታቸውም በላይ አጥንቶቹ ከየትኛው ንብርብር ታጥበው እንደወረዱ ማረጋገጥ ነበረባቸው። ያ ባይታወቅ ኖሮ የአመዱ ዕድሜ ለእርሷ ባልጠቀመ ነበር።

ቁፋሮ የማይደገም ሙከራ ነው

የኬሚስትሪ ተማሪ ሙከራው ካልተሳካለት ይደግመዋል። የተቆፈረ መሬት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ቁፋሮ ራሱ የሚያጠናውን ነገር ያጠፋል፤ የሚተርፈው መዝገቡ ነው። ባለሙያዎች ቦታውን በካስማና በገመድ በአራት ማዕዘን የሚከፋፍሉት፣ እያንዳንዱን ንብርብር ቁጥር ሰጥተው የሚለኩት፣ የሚስሉትና ፎቶግራፍ የሚያነሡት ለዚህ ነው። ከቦታውም ከፊሉን ሳይነኩ ለመጪው ትውልድ ይተዋሉ።

የመዝገብን ዋጋ ለመረዳት የኔቪል ቺቲክን ሥራ መጥቀስ ይበቃል። በታንዛኒያ ጠረፍ በኪልዋ ለዓመታት የቆፈረው ይህ ሰው ከ1972 እስከ 1974 በአክሱም ሠራ፤ ሥራው ከ1974 በኋላ ሳይቀጥል ቀረ፤ እርሱም በ1984 ሞተ። ሆኖም ማስታወሻዎቹና ሥዕሎቹ ስለነበሩ ስቱዋርት መንሮ ሄይ የቁፋሮውን ውጤት በ1989 ለማሳተም ቻለ። ዴቪድ ፊሊፕሰንም በ1993 በአክሱም ቁፋሮ ሲጀምር ከባዶ አልተነሣም። ቆፋሪው ቢሞትም መዝገቡ መናገሩን አላቆመም።

በትምህርት ቤት ምን እንሥራ?

በመጀመሪያ፣ አንቆፍር። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ከሕጉም በላይ ምክንያቱን ተማሪው እንዲገባው ያስፈልጋል። በአክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ ከማሳ ላይ የጥንት ሳንቲም ይለቀማል፤ ለእንግዳም ይሸጣል። ልጁ ጥቂት ብር ያገኛል፤ ሳንቲሙ ግን ከየትኛው ማሳ እንደተነሣ የሚያውቅ አይኖርም። በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ ስም የለሽ ሆኖ የሚቀመጥ ገልም ዕጣው ከዚህ አይለይም። ስለሆነም ተማሪ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ከማመስገን አስቀድመን «የት አገኘኸው? ከጎኑ ምን ነበር? አፈሩ ምን ይመስላል?» ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም ጽፈን፣ ቦታውን በንድፍ አመልክተን ለባህል ጽሕፈት ቤት እናስታውቅ። ሌላ ጊዜ ቢያገኝ ሳያነሣ መጥቶ እንዲነግረን እናስተምረው።

ሁለተኛ፣ ቁፋሮን በሣጥን እናስተምር። ከሠልጣኞቻችን ጋር የምንሠራው ልምምድ ብዙ ወጪ የለውም። በሁለት ካርቶን ሣጥኖች ታች ቀይ አፈር ከፍየል አጥንትና ከገል ጋር፣ በላዩ አመድና ከሰል፣ በመጨረሻም አሸዋ ከአንድ ሳንቲም ጋር እንጨምራለን። ከዚያም ከላይ እስከ ታች ጠባብ ጉድጓድ አበጅተን የእስክሪብቶ ክዳን ከሥሩ ጥለን እንደፍናለን። አንደኛው ቡድን ዕቃዎቹን በፍጥነት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ ሁለተኛው በማንኪያ እየፋቀ እያንዳንዱን ንብርብር ይስላል። በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ግኝት እንዲተርክ ይደረጋል። የሁለተኛውን ሥዕል ያየ ሁሉ ክዳኑ በኋላ በተቆፈረ ጉድጓድ እንደገባ ያስረዳል። በመጀመሪያው ጠረጴዛ ፊት የቆመ ግን ያው አጥንት፣ ያው ገል፣ ያው ሳንቲምና ያው ክዳን እያለ የሚለው ያጣል።

አካባቢያችን ገና ባልተጠኑ ቦታዎች የተሞላ ነው፤ ከባለሙያው በፊት በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሚመላለሰው ከብት የሚጠብቀውና ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው። ያ ልጅ እጁን ከመስደዱ በፊት ቆም ብሎ ማየትን ከተማረ፣ ከየትኛውም ሙዚየም ያልተናነሰ ጠባቂ አፈራን ማለት ነው።