የአሮጌ ካሜራ ባትሪና የሀዋሳ ሐይቅ

የሀዋሳ ከተማ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር የፎቶግራፍ ጥበብ በዓለም ላይ መልኩን ይለውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ፔንታክስ ስፖትማቲክና መሰሎቹ ብርሃን መለኪያውን በውስጣቸው ይዘው ብቅ አሉ። ለመለኪያው የተመረጠው ቁልፍ የሚያህል የባዜቃ፣ ማለት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ኃይሉ ከ1.35 ቮልት ብዙ አይናወጥም ነበርና።

ይሁን እንጂ ባዜቃ መርዝ ነው። በጃፓን አገር በሚናማታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የፈሰሰው ባዜቃ በዓሣ በኩል ሕዝቡን እንደ ጎዳ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ታወቀ። ባትሪው በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ታገደ፤ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ክልከላውን ዓለም አቀፍ አደረገው።

በዚህ ልናዝን አይገባም። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቃችን ይገባል እንጂ ከሐይቃችን የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የወደቀበት መርዝ በዚያው ይቀራል። ካሜራው ግን አልሞተም፤ የስፖትማቲክ መዝጊያ በሞላ ስለሚሠራ ያለ ባትሪም ያነሣል። በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርገን ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ብናቀራርብ ሥዕሉ ይወጣል። መለኪያው የግድ ቢያስፈልግ፣ 625 የተባለውን ባትሪ ይወስዱ ለነበሩት ካሜራዎች የጆሮ መስሚያ ባትሪ 675 ቀለበት ተደርጎለት ያገለግላል፤ ኃይሉ 1.4 ቮልት ያህል ነው። ተራው የ1.5 ቮልት ባትሪ ግን ኃይሉ እየወረደ ስለሚሄድ ልኩን ያሳስታል።

እንግዲህ ከአባቶቻችን የወረስነውን ካሜራ ከሣጥኑ ስናወጣ አስቀድመን ሆዱን እንክፈት፤ አሮጌው ባትሪ ቢገኝ በጠርሙስ ዘግተን እናኑረው እንጂ ከቆሻሻ ጋር አንጣለው።