ጠጅ ቀማሾች

በጥንቱ ግብር ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይጠጣ ነበር። ቀማሽ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። እኔ ግን ሙያውን አልሰጠውም፤ የሚመሰክረው መርዝ እንደሌለበት እንጂ ጠጁ መድረሱን አይደለም። ያ ፍርድ ከአዳራሹ ርቆ፣ ጋኑ አጠገብ፣ በጠጅ ጣይዋ አልቋል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የማሩን መጠጥ ደጋግሞ ያነሳል። እሱን ተከትለው የመጡት መንገደኞችም ስለ ጠጪው ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ጣይዋ ግን ጥቂት።

አያቴ ጎንደር ውስጥ ጠጅ ትጥል ነበር። ጋኑን በወይራ ታጥናለች፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ ታደርጋለች፤ ሰፈፉን ገፍፋ ጌሾውን ትጨምራለች። ቀን አትቆጥርም። ቆላ ሳምንት የሚበቃው ጠጅ ደጋ ሁለትም ሦስትም ሳምንት ይፈልጋል። መጀመሪያ ጆሮዋን ትሰጠዋለች፤ ፍላቱ ጋብ ሲል በብርሌ ቀድታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳዋለች። ካልጠለለ አፏ አይደርስም። ከጠለለ አንድ ጉንጭ ትይዛለች። ማሩ ብቻ ምላስ ላይ ከተንሳፈፈ «ገና ብርዝ ነው» ብላ ትከድነዋለች። ጌሾው ጉሮሮ ላይ ነከስ አድርጎ ማሩ ከኋላ ከመጣ ደርሷል። አፍንጫ ከቆነጠጠ ደግሞ አልፎበታል፤ ወደ ሆምጣጤ እየሄደ ነው። ነጭ ማር ይበልጣል ለሚሏት «እሱ ለዓይን ነው» ትል ነበር፤ በዚህ እንኳ አልስማማም።

ጠጅ ከመኳንንቱ እልፍኝ ወጥቶ በየጠጅ ቤቱ ሲቸረቸር ፍርዱ ወደ ደንበኛው ዞረ፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ እያለ ያዝዝ ጀመር። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ስኳር ከማር ይረክሳል፤ ቀስ በቀስ ጋን ውስጥ ገባ፤ የማሩን መልክ እንዲያመጣም ቢጫ ቀለም ተጨመረለት። ስለዚህ የዛሬ ቀማሽ መድረሱን ከመጠየቁ በፊት ማር መሆኑን መጠየቅ አለበት።

ለስላሳው እዚህ ላይ አይረዳም፤ ጣፋጭነቱ ሁሉንም ይሸፍናል። አዲስ ጠጅ ቤት ስገባ የማዝዘው ደረቁን ነው። ጣፋጩ ፈልቶ ካለቀ በኋላም የማር ጠጅ የአበባ ሽታውን ብርሌው አንገት ላይ ያስቀራል። የስኳሩ ግን የጌሾ ምሬት ብቻ ይሆናል። ያኔ ሒሳቤን ከፍዬ ቢራ ወዳለበት እሄዳለሁ።